ሰው በሌለበት የተባለ «አንቺ»

በመሥሪያ ቤቱ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ ገልባጯ ናት። ሥራዋ የተቀዳ ንግግርን ከድምፅ ወደ ወረቀት መገልበጥ ስለሆነ ነው። ሾፌሩ ግን በኮሪደሩ ባገኛት ቁጥር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ «ገልባጭ መጣ! መንገድ ልቀቁ፣ አሸዋ ጭኗል!» ይላል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቀልድ ነው የሚቀልደው። እሷም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ትስቅለታለች፤ ሳቁ እንደ ሰላምታ ሆኗል።

ክፍሏ ከደረጃው ሥር ናት። መስኮት የላትም፤ ድምፅ እንዳያስገባ ግድግዳዋ በወፍራም ስፖንጅ ተለብጧል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ አለ። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ በእግር ሲረገጥ ድምፁን የሚያቆምና የሚመልስ ፔዳል አለ። ስልክ አጠገቧ ሲሆን ማዳመጫው እዝ እዝ እያለ ያስቸግራታል። ስለዚህ ጠዋት ስትገባ ስልኳን ከክፍሏ ውጭ ባለው መሳቢያ ትከተዋለች፣ ማታ ስትወጣ ታነሣዋለች። ሕጉ ይህ ነው፤ ሕጉን ያወጣችውም ራሷ ናት።

የሚጠናው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ሰው ሰውን ምን ብሎ ይጠራል? ማን ለማን አንተ ይላል? ማን ለማን እርስዎ? ዛሬም አንቱ የሚባለው ማን ነው? ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ስለዚህ በስብሰባ ላይ ብዙ ታወራለች፤ ገልባጯ ግን በራሷ መንገድ ታውቀዋለች። የክሊኒክ ዘበኛ የሰውን ጫማ አይቶ እርስዎ ወይም አንተ እንደሚል ታውቃለች። ጫማው በተቀዳው ድምፅ አይታይም፤ እሷ ግን ከዘበኛው ድምፅ ትደርስበታለች። ሚስት ባሏን በድንገት «አንቱ» ካለችው ሳህን ሊሰበር እንደተቃረበ ታውቃለች። ሁለት ሸሪኮች ሲስማሙ አንተ፣ ሲጣሉ እርስዎ እንደሚባባሉም ታውቃለች። የሰማችውን ሁሉ በቅጽ ትሞላለች። በቅጹ ላይ ሰው ስም የለውም፤ ወንድ አንድ፣ ሴት አንድ፣ ሴት ሁለት ይባላል። በእያንዳንዱ አንጻር ሣጥን አለ፣ በሣጥኑ ቁጥር ይገባል።

ዶክተሯ በዕድሜ ታንሳታለች። «እባክሽ እርስዎ አትበይኝ» ብላ ለምና ለምና ተስፋ ቆርጣለች። «ይኸው፣ ይህን ሁሉ አጥንቼ አንዲት ሴት ማስለወጥ አቃተኝ» ትላለች።

እንዲህ በሰው ቤት ጉዳይ ጆሮዋ ቀጭን የሆነች ሴት፣ በገዛ ቤቷ «አንቺ» የሚላት ካጣች አሥራ አራት ወር ሆኗታል።

የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው። ቤቱ የአማቷ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ማብሰያ። ባሏ ሳለ ሦስት ነበሩ። አናጢ ነበር፤ አንድ ማክሰኞ ምሳውን ሊበላ ቤት ገብቶ ደረቱን ያዘ። እናቱ ስልክ አነሡ። ሰባት ጊዜ ደወሉ። ገልባጯ በዚያ ሰዓት ከደረጃው ሥር ተቀምጣ፣ ሁለት የማታውቃቸው የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች በወንበር ሲከራከሩ ትገለብጥ ነበር። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጎረቤት ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሰው። ማታ መሳቢያዋን ከፍታ፣ አይታ፣ ሮጣ ስትደርስ ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር። «እናቴን አደራ» አላት። ሌላ አላለም።

ሊያጽናና የሚመጣው ሰው ተመናምኖ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ አማቷ ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊዋን ጠርተው እሷ እየሰማች፦ «ስጠራት አልሰማችም። ከእንግዲህ አልጠራትም» አሉ። እንዳሉትም አደረጉ። አልሰደቧትም፣ አላባረሯትም፣ እህል አልከለከሏትም። ብቻ አይጠሯትም። የሚሉት ሲኖራቸው ለማንቆርቆሪያው ይነግሩታል። «ሻይ ከፈለገች ትቅዳ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ምን ያደርግላታል?» ማንቆርቆሪያው ራቅ ካለ ለራዲዮው ይነግሩታል። «ይዘንባል አሉ፤ ጃንጥላ ትያዝ» ይሉታል፣ ወሬውን ያመጣው ራሱ ራዲዮው ሆኖ ሳለ።

መጀመሪያ ያልፋል ብላ ነበር። ጠዋት ጠዋት «ደህና አደሩ እማማ?» ትላለች፤ መልስ የለም። ማታ «ደህና ዋሉ እማማ?» ትላለች፤ ማንቆርቆሪያው ይንጫጫል። ወጥታ እንዳትሄድ አደራ አለባት፤ እንዳትቀመጥ ዝምታው አለ። ወዲህ ብትል ገደል፣ ወዲያ ብትል ገደል። አደራ በላ ከመባል እሷ ራሷ ቀስ እያለች ተበልታ ማለቅን መረጠች።

«አንቺም እኮ!» አለቻት አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ፣ አፏ ላይ መርፌ እንደያዘች። «አንድ ቀን አትጮሂባቸውም? ድንጋይ ነሽ እንዴ?»

«ብጮህ ለማን ይመልሳሉ?»

«ለማንቆርቆሪያው ነዋ!» አለችና ሳቀች። ወዲያው መርፌውን አውጥታ «ይቅር በይኝ፣ አፌ ነው» አለች።

አንድ ሰሞን ዶክተሯ ጠራቻት። ጥናቱ በወደብ ከተማ ሊቀጥል ነው፣ ለአንድ ዓመት። የሚመጣው ሳምንት አልፎ በቀጣዩ ሰኞ መኪናው ይነሣል።

«አንቺ ካልመጣሽ እኔ ጆሮ የለኝም» አለቻት። «መኝታ ተዘጋጅቷል። ክፍልሽ መስኮት አለው፤ ምን ያግደረድርሻል?»

«አማቴ አሉ፣ ዶክተር።»

«ይፈቅዱልሻላ! ልጃገረድ አይደለሽ።»

«ለመፍቀድ እኮ መናገር ያስፈልጋል» አለች ገልባጯ። ዶክተሯ ነገሩ ስላልገባት ፈገግ አለች።

ገልባጯ በመንገድ ላይ ስታስበው ነገሩ እንዲህ ነበር። አደራውን የሰጣት ባሏ በሕይወት የለም። ከአደራው ሊፈታት የሚችል አፍ አንድ ብቻ ቀርቷል። ያ አፍ ዓይን ዓይኗን እያየ «ሂጂ» ቢላት፣ ትሄዳለች። ባሏም በተኛበት አያዝንባትም። ለማንቆርቆሪያው «ትሂድ» ቢባልላት ግን ያ ፈቃድ አይደለም፤ ያ ማባረር ነው። እንዲያ ሆና ብትሄድ የትም ወደብ ብትደርስ አደራው ቀድሟት ይጠብቃታል።

በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር መጣ። ለጥናቱ ሠላሳ ቤተሰብ እራት ላይ እያለ መቀዳት ነበረበት። ሃያ ዘጠኙ ተቀድቶ ሠላሳኛው በመጨረሻ አፈገፈገ። «ከእኛ ከሠራተኞቹ አንዱ ቤቱን ይስጥ» አለች ዶክተሯ።

«የእኔ ቤት ከተቀዳ ሚስቴ ትታሰራለች» አለ ሾፌሩ።

ሁሉም ሲስቅ ገልባጯ እጇን አነሣች። ለምን እንዳነሣች ለራሷም በቅጡ አልገባትም። ምናልባት መቅጃ ባለበት አማቷ ሰው ፊት እንደተቀመጡ ቆጥረው ያናግሩኛል ብላ ይሆናል።

የፈቃዱን ወረቀት ያነበበችላቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። «እማማ፣ አምስት ማታ እራት ላይ ድምፅዎን እንቅዳ ነው የሚሉት። ሲያልቅ ያሰሙዎታል። ካልወደዱት ይጠፋል፣ ማንም አይሰማውም።»

አማቷ ወደ ማንቆርቆሪያው ዞሩና «ይውሰዱት፤ ድምፄ ምን ይሠራልኛል» ብለው ፈረሙ።

መቅጃው መደርደሪያው ላይ፣ በጨው ዕቃውና በክብሪቱ መካከል ተቀመጠ። አምስት ማታ ሾርባና ዳቦ ቀርቦ ተበላ። አማቷ አላፈሩም። እንዲያውም ማንቆርቆሪያውን ከወትሮው ጠጋ አድርገው አስቀመጡት።

ስሕተቱ የተፈጠረው በሦስተኛው ማታ ነው። ገልባጯ እራት ሲነሣ መቅጃውን ማጥፋት ረሳች። አሥራ ሁለት ዓመት በሥራው የቆየች ሴት የማትሠራው ስሕተት ነው፤ ግን ያን ማታ አማቷ ሳህን አጥበው «ደክሟት ከሆነ ትተኛ» ብለውት ነበር፣ ለራዲዮው። እሷም ሄዳ ተኛች። መሣሪያው ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ሌሊቱንና የማግሥቱን ቀን ሙሉ ሲቀዳ ዋለ።

ይህን ያወቀችው ከደረጃው ሥር ተቀምጣ መገልበጥ ስትጀምር ነው። እራቶቹ ቀላል ነበሩ። ሴት አንድ ትናገራለች፤ ሴት ሁለት ትጠይቃለች፣ መልስ አታገኝም። ሴት ሁለት በአምስት ማታ ሴት አንድን «እማማ» እያለች ሠላሳ ስድስት ጊዜ ጠርታለች። ሴት አንድ ሴት ሁለትን የጠራችበት ሣጥን ግን ዜሮ ነው። በሌላ ቤት ቢሆን ይህን ዜሮ ጽፋ ሻይዋን ትጠጣ ነበር።

ከዚያ ረጅሙን ቀን ከፈተችው። የራሷ ኮቴ ተሰማ፣ በሩ ተዘጋ። መጥረጊያ፣ ውሃ፣ ራዲዮ። ከዚያ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ ሰምተዋል? ልትሄድ ነው አሉ እኮ! ወደብ ነው የምትወርደው።»

«ትሂድ። ማን ያዛት።»

ልብስ ሰፊዋ ጥቂት አውርታ ወጣች። ጸጥ አለ። ገልባጯ እግሯን ፔዳሉ ላይ እንዳደረገች ልታሳልፈው ስትል፣ አማቷ «ጨው አብዝተሻል» አሉ።

ድምፁን አቆመች። ሌላ ጎረቤት ገብቶ ይሆናል ብላ መልሳ ሰማችው። የገባ ሰው የለም፤ በር አልተከፈተም።

«ጨው አብዝተሻል። ትናንትም ነግሬሻለሁ።» አልነገሯትም። «ያን ግራጫ ቀሚስ ደግሞ ተይው፤ ብብቱ አልቋል፣ ሰው ያይብሻል። ጠዋትም ቁርስ ሳትበዪ ነው የወጣሽው። ባዶ ሆድሽን ይዘሽ እንዴት የሰው ወሬ ስትሰሚ ትውያለሽ?» መጥረጊያው ቀጠለ። «ይሄን አልጋ ከዚህ ብናነሣው ምን ይመስልሻል? እሱማ እዚህ ይሁን ይል ነበር። አንቺም አጎንብሰሽ ታልፊበታለሽ።»

እንዲህ እያሉ ቤቱን ጠረጉ፣ ምስር ለቀሙ፣ ልብስ አጠፉ። ሰው ከሚወዳት ምራቱ ጋር እንደሚያወራው፣ አንዳንዴ ቆም እያሉ፣ መልስ የሰሙ ይመስል «እሱስ ልክ ነሽ» እያሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ገልባጯ አለቀ ብላ ስታስብ እንደገና ተናገሩ።

«ሰባት ጊዜ ደወልኩልሽ። አንዴ ብታነሺው ምን ነበረበት?»

ውሃ ተቀዳ።

«ብታነሺውስ ምን ታመጪ ነበር። ሐኪም ነሽ አንቺ?»

ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

«ብቻ ብታነሺው ጥሩ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ።»

ገልባጯ ማዳመጫውን አውልቃ መልሳ አጠለቀችው። ከዚያ ሌላ ማድረግ የምታውቀው ነገር ስላልነበረ፣ ሥራዋን ሠራች። ከመጀመሪያው ጀምራ ገለበጠችው፤ ቆጠረችው። አርባ አንድ ጊዜ ነው። ቅጹ ላይ ግን በቦታው ለሌለ ሰው የሚሆን ሣጥን አልነበረም። በኅዳጉ ጻፈችውና ወደ ዶክተሯ ወሰደችው።

ዶክተሯ ቆማ አነበበችው። «ይሄ ወርቅ ነው!» አለች። «ፊት ለፊት ዜሮ፣ በሌለችበት አርባ አንድ! በሠላሳ ቤት እንዲህ ያለ አልገጠመንም። ሴት ሁለት ማን ናት? ምራት ናት?»

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ከደነች። ወንበሩን ሳብ አድርጋ ከጎኗ ተቀመጠች እንጂ ወደ ጠረጴዛዋ አልተመለሰችም። «ይቅር በይኝ» አለች። ቆይታም «ቀኑ ከፈቃዱ ውጭ ነው፣ እራት ላይ ብቻ ነው የተባለው። ብትቆርጪው ማንም አይጠይቅሽም፤ የእራቱን ብቻ አሰምተሽ አስፈርሚያቸው» አለቻት።

ገልባጯ ሁለት ቀን ስታወጣና ስታወርድ ሰነበተች። ብትቆርጠው አማቷ ሳያፍሩ ይቀራሉ፣ እሷም የሰማችውን ይዛ ዝም ትላለች። ብታሰማቸው ግን ማንቆርቆሪያው ከመካከላቸው ሊነሣ ይችላል። ሰው እንዲህ ከተሰማ በኋላ በማን በኩል ይናገራል? ያኔ ትጠይቃቸዋለች። ያኔ «ሂጂ» ይሏታል። ይህን ተስፋ አድርጋ ዓርብ ከሥራ ስትመለስ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ አጣጥፋ ከአልጋዋ ሥር ገፋችው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «እማማ፣ የተቀዳውን ላሰማዎት ነው» አለች።

አማቷ ተቀመጡ፤ የሚታጠፍ ልብስ ጭናቸው ላይ ነበር። የመጀመሪያው እራት ሲጀምር ቅንድባቸውን አነሡ። «ይሄ የኔ ድምፅ ነው ይላሉ?» አሉት ማንቆርቆሪያውን። «ዘይት ያጣ ማጠፊያ አይመስልም?» ገልባጯ ሳታስበው ሳቀች። አማቷ አልሳቁም፤ ግን አላኮረፉም።

እራቶቹ አለፉ። ሦስተኛው ማታ አልቆ ጠዋቱ ሲመጣ ጣቷ ማቆሚያው ላይ ነበር። አላቆመችውም። መጥረጊያው ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ገብታ ወጣች።

«ጨው አብዝተሻል» አለ መሣሪያው።

የአማቷ እጅ የያዘውን እጅጌ እንደያዘ ቀረ። መጀመሪያ መሣሪያውን አዩ፣ ከዚያ መሬቱን። ቀሚሱ አለፈ፣ ቁርሱ አለፈ፣ አልጋው አለፈ። ሰባቱ ጥሪ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ብቻዬን ነበርኩ» ካለ በኋላ ብርጭቆ ሲታጠብ ተሰማ፤ ገልባጯ ዘጋችው።

ውጭ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል። የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ከግድግዳው ወዲያ ይንደቀደቃል።

«ይሄን አጥፊው» አሉ አማቷ።

ገልባጯ በሥራዋ ልማድ ለማን እንደተባለ ለማየት ዞር አለች። ከጀርባዋ ባዶ ግድግዳ ነበር። አማቷ የሚያዩት እሷን ነው።

«እሺ እማማ። አጠፋዋለሁ።»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም።»

«ሰው ሰምቶታል?»

«አለቃዬ ጽሑፉን አይታዋለች። መልሼ እቀበላታለሁ።»

«አንቺስ? ስንት ጊዜ ሰማሽው?»

ገልባጯ መዋሸት ፈልጋ ነበር። «ደጋግሜ» አለች።

አማቷ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ፣ እጅጌውን አጠፉ። ከዚህ የተሻለ ሰዓት እንደማይመጣ ገልባጯ አወቀች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ወደቡን ነው?»

«አዎ። ከነገ ወዲያ ነው። አንድ ዓመት ብቻ ነው። ጎረቤታችን ጠዋትና ማታ ታይዎታለች፣ ተነጋግረናል። እኔም በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ። እርስዎ ካልፈቀዱልኝ ግን እግሬ አይነሣም። ሂጂ ይበሉኝ።»

አማቷ ያጠፉትን ልብስ በመዳፋቸው ዳበሱት፤ የሌለ መጨማደድ አቃኑ።

«ገና አሁን መነጋገራችን አይደለም?» አሉ።

«ነው፣ እማማ።»

«አትሂጂ።»

አልተቆጡም፣ አልለመኑም። ዳቦ ቁረጪ እንደሚሉ አሉት።

ገልባጯ የምትለው ብዙ ነበራት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። መስኮት ያለው ክፍል ኖሯት አያውቅም። አሥራ አራት ወር ለማንቆርቆሪያ የተነገረ ቃል ለቅማ ኖራለች። ዝምታው እንዳለ ቢቀጥል ኖሮ፣ ዛሬ ባይሆን የዛሬ ዓመት፣ እየረገመችም ቢሆን ጥላው የምትሄድበት ቀን ይመጣ ነበር። እኚህን ዓይኗን አይተው «አትሂጂ» ያሏትን አሮጊት ግን ጥላ የምትወጣበት በር ቤቱ ውስጥ አልነበረም። የተመኘችው ነገር ደርሶላት ነበር፤ ይዞ የመጣው ግን «አትሂጂ»ን ነው።

«እሺ» አለች።

«እሺ ነው?»

«እሺ ነው፣ እማማ።»

ወደ ውጭ ወጥታ ለዶክተሯ ደወለች። እንደማትሄድ፣ ቴፑም እንደሚጠፋ ነገረቻት።

«ማን ከለከለሽ?»

«አማቴ።»

«ተናገሩሽ? ራስሽን?»

«ተናገሩኝ።»

«ታዲያ ይሄ ደስ አይልም?» አለች ዶክተሯ፣ እንደ መጠየቅም እንደ ማጽናናትም አድርጋ።

ገልባጯ «በሰላም ግቡ» አለቻትና ስልኩን ዘጋች። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ቆሞ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ስትሰማ እንደነበረች ታውቋታል።

እሑድ ጠዋት ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ሳበችው። አማቷ የበሩ ደፍ ላይ ቆመው አዩዋት፤ ከዚያ ገብተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከትናንት ጀምሮ አፋቸው አላረፈም።

«ታችኛው መሳቢያ እርጥበት አለው፣ እዚያ አታድርጊው። ላይኛው ላይ። እንዲያ አይደለም፣ አንገቱን ወደ ውስጥ እጠፊው እንጂ፤ ማነው እንዲህ ማጠፍ ያስተማረሽ? ለመሆኑ ስንት ቀሚስ ነው የያዝሽው?»

«አራት።»

«ለዓመት?» አሉ አማቷ። አራቱን አንድ በአንድ እያነሡ ብርሃን ላይ ዘርግተው አዩዋቸው። «አራት ምን ይበቃሽ ነበር።»